«ምንም ያልተነካ»

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ ኤሌክትሪክ ጊታር የሚሸጥ ሰው ሁሉ ተማክሮ የሚጽፍ ይመስል ማስታወቂያው አንድ ነው፦ «ንጹህ፣ ኦሪጅናል፣ ምንም ያልተነካ»። ገዢውም ቀድሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ተፈቶ አያውቅም ከተባለ ዋጋው ከፍ ይላል። ፒክአፑ ተቀይሯል ከተባለ ፊት ይጠቁራል። አንገቱ ተቀይሯል ከተባለማ ጊታሩ እንደ ሌባ ዕቃ በጥርጣሬ ይታያል።

እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። አሥራ አምስት ዓመት የተመታ ጊታር «ምንም አልተነካም» ከተባለ ይህ ምስጋና ሳይሆን ክስ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ማንም ዞር ብሎ አላየውም ማለት ነው።

አነጋገሩ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ከመኪናና ከስልክ ገበያ የተዋስነው ነው። ተጋጭቶ ቀለም የተቀባ መኪና፣ ውስጡ የተለዋወጠ ስልክ ስንቱን አስለቅሷል። እዚያ ገበያ ላይ «ያልተፈታ» ማለት «አልተሸወድክም» ማለት ነው። ጊታር ግን ስልክ አይደለም። ስልኩን የሠሩት ሰዎች እንዳትከፍተው በሙጫ አሽገውታል። ጊታሩን የሠራው ሰው ግን እንድትፈታው ብሎን ሰጥቶሃል።

ሰውየው ሊዮ ፌንደር ይባላል። ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። በካሊፎርኒያዋ ፉለርተን ከተማ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። በ1950 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበውን ጊታርም ሆነ በ1954 የመጣውን ስትራቶካስተር የሠራው በጠጋኝ አእምሮ ነው። እንደ ቀድሞ ጊታር ሠሪዎች አንገቱን በሙጫ አላጣበቀም፤ በአራት ብሎን አሰረው። ለማምረትም ይቀላል፣ ሲበላሽም ወጥቶ በሌላ ይተካል። ዛሬ መርካቶ ቁጭ ብሎ ራዲዮና ማጉያ የሚፈታታ ባለሙያ ጊታሩን በካቻቪቴ ቢከፍተው የአባቱን ቤት እንደመግባት ነው። እኛ ግን ከሠራው ሰው በላይ ተቆርቋሪ ሆነን «አይነካ» እንላለን።

በዓለም ላይ የተከበሩት ጊታሮችስ ያልተነኩ ናቸው? ኤሪክ ክላፕተን «ብላኪ» ብሎ የጠራውን ጊታር የገጣጠመው በ1970 ናሽቪል ውስጥ ያገለገሉ ስትራቶካስተሮችን ገዝቶ፣ ከሦስቱ የተሻለ የተሻለውን አካል እየመረጠ ነው። በ2004 በጨረታ 959,500 ዶላር ተሸጠ። የፒንክ ፍሎይዱ ዴቪድ ጊልሞር ጥቁር ስትራቶካስተር አንገቱ ከአንድ ጊዜ በላይ ተቀይሯል፤ ፒክአፑም እንዲሁ። በ2019 የወጣበት ዋጋ 3.975 ሚሊዮን ዶላር ነው። ኤዲ ቫን ሄለን ደግሞ ቦዲና አንገቱን በ130 ዶላር ገደማ ለየብቻ ገዝቶ፣ ከሌላ ጊብሰን የወጣ ፒክአፕ ገጥሞበት፣ በ1978 የወጣው የመጀመሪያ አልበሙ የሮክ ጊታርን አጨዋወት ለወጠው። እነዚህ ሦስት ጊታሮች ዛሬ ያለ ስማቸው ለእኛ ሰው ቢቀርቡ «ተነካክቷል፣ ዋጋ ቀንስ» ይባል ነበር።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ክራር ክሩ ሲበጠስ ይቀየራል፤ ቆዳው ሲላላ ወይም ሲቀደድ ሌላ ቆዳ ይወጠርበታል። የማሲንቆ ጭራ ሲሳሳ በአዲስ ጭራ ይተካል። «ይህ ክራር ኦሪጅናል አይደለም» ያለ አዝማሪ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? መሣሪያ በየጊዜው እየታደሰ እንደሚኖር የምናውቅ ሕዝብ ነበርን። ገመድ ሲሰካበት ረሳነው።

ፌዙ ደግሞ ይኸውላችሁ፤ የፋብሪካው ስም የተጻፈው ከአንገቱ በላይ፣ በጭንቅላቱ ላይ ነው። ለኦሪጅናል ያለን ፍቅርም ቃል በቃል ከአንገት በላይ ነው። ስሙን እናያለን፤ ሥራው የሚሠራበትን አንገት አናይም።

አንገት ምን ይሠራል? የተጫዋቹ እጅ ሌሊቱን ሙሉ የሚያርፈው እዚያ ነው። ፍሬቱ በክሩ ተበልቶ ሲጎደጉድ አንዳንዱ ድምፅ ይንጫጫል፤ አንዳንዱ ጨርሶ አይወጣም። የእኛ ሙዚቃ ደግሞ ድምፁን ቀጥ አድርጎ የሚተው አይደለም። ትዝታን ወይም አንቺሆዬን በጊታር የሚጫወት ሰው ክሩን ይስባል፣ ያንሸራትታል፣ ድምፁን ያርገበግበዋል። በተበላ ፍሬት ላይ ክሩን ስትስበው ድምፁ መሐል መንገድ ላይ ይሞታል። የኢቤክስና የሮሃ ባንድ ጊታሪስት ሰላም ስዩም የተጫወታቸውን የሚያጠና ወጣት፣ እጁ ያልቻለ ሲመስለው አንገቱ ሆኖ ይገኛል። ስንቱ «ተሰጥኦ የለኝም» ብሎ ጊታሩን ሰቅሎ ይሆን፣ ጥፋቱ የእንጨት ሆኖ ሳለ?

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን በግልጽ ላስቀምጥ። መጀመሪያ አንገት፣ ቀጥሎ ፒክአፕ። አብዛኛው ሰው የሚሠራው በተገላቢጦሽ ነው። የተጣመመ አንገት ላይ ውድ ፒክአፕ መግጠም የተንጫጫውን ድምፅ በጥራት ማጉላት ነው።

አንገትም ቢሆን ሁሉም አይጣልም። ውስጡ ያለው ብረት፣ ትረስ ሮድ የሚባለው፣ የሚስተካከል ነው። ክረምት ከበጋ ሲለዋወጥ እንጨቱ ይተነፍሳል፤ በመክፈቻው ሩብ ዙር እያዞሩ ማየት የመጀመሪያው ሥራ ነው። ቀጥሎ ፍሬቱን ማስተካከልና ማለስለስ ነው። ትረስ ሮዱ ከተበጠሰ፣ አንገቱ እንደ ገመድ ከተጠመዘዘ ወይም ፍሬቱ ከእንጨቱ ጋር እኩል ከሆነ ግን እዝነት አያስፈልግም፤ ይቀየር። ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ። የስትራቶካስተር ዓይነት አንገት ከላይኛው የክር ማረፊያ እስከ 12ኛው ፍሬት 324 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቦዲው ላይ የሚገባበት ጎድጓዳ ስፋቱ 56 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ርዝመቱ ካልተስማማ የፈለገ ቢቃኝ ቃናው አይገጥምም። የብሎን ቀዳዳው ካልገጠመ ግን ችግር የለም፤ በጠንካራ እንጨትና በሙጫ ደፍኖ እንደገና መብሳት ነው። ይህን ደግሞ ማንኛውም ጨዋ አናጢ ይችለዋል።

ፒክአፕም ተአምር አይደለም። ማግኔትና ከፀጉር የማይወፍር የመዳብ ሽቦ ነው፤ በስትራቶካስተር ዓይነቱ ላይ ሽቦው 8,000 ጊዜ ያህል ተጠምጥሟል። ርካሽ ጊታሮች ላይ ብዙ ጊዜ የምናገኘው ከብረት ዘንጎች ሥር የተለጠፈ የሴራሚክ ማግኔት ነው፤ ድምፁ ይሰላል፣ ይጮኻል። ያ የሚያሰለች እምምታ ደግሞ ከመብራታችን የሚመጣ የ50 ኸርዝ ድምፅ ነው። የጊብሰኑ ሴት ላቨር በ1955 ሁለት ጥምጥም በተቃራኒ አጣምሮ ይህን እምምታ ያጠፋ ፒክአፕ ሠራ። እሱን ለመግጠም አቅም የሌለው ሰው የጊታሩን ሆድ በመዳብ ወረቀት ቢሸፍነው እምምታውን ባያጠፋም ሌላውን ጩኸት ይቀንሳል። ሥራው አራት አምስት ሽቦ መበየድ ነው። የተቃጠለ ሞተር ሽቦ እንደገና የሚጠመጥም ባለሙያ በሞላበት ከተማ የተበጠሰ ፒክአፕ የሚጣልበት ምክንያት ምንድን ነው?

አሁን ወደ ተቃውሞው ልምጣ፤ ጠንካራ ነውና። «ጊታሩን ከገዛሁበት ዋጋ በላይ አውጥቼ ስሸጠው አንድ ብር አይጨምርልኝም» ይሉኛል። ለነጋዴ እውነት ነው። ስትሸጠው ግን የድሮውን አንገትና ፒክአፕ መልሰህ ግጠም፤ ጥሩውን ለሚቀጥለው ጊታርህ አስቀር። የወጡትን አትጣል የምልህም ለዚህ ነው። ተጫዋች ከሆንክ ግን ጥያቄው ሌላ ነው፦ በዚያው ገንዘብ ምን ዓይነት አዲስ ጊታር ታገኛለህ? ያው የሴራሚክ ፒክአፕና ጠርዙ ጣት የሚቆርጥ ፍሬት፣ በአዲስ ካርቶን።

ሌላም እውነት አለ። አንገቱ በሙጫ የተጣበቀ እንደ ሌስ ፖል ያለ ጊታር ለዚህ አይመችም። የ1950ዎቹና የ60ዎቹ ፌንደር ከአባቱ የወረሰ ሰው ካለም እባኩን አይንካው፤ ሰብሳቢዎች ለብየዳው ሳይቀር ይከፍላሉ። ግን ስንቶቻችን ነን እሱን ይዘን የተቀመጥነው? የሙዚየም ሕግ አውጥተን የምናስገድደው የተማሪን ጊታር ነው።

ይህን በወቅታዊ ጉዳይ ቻናል ላይ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የ100 ዶላር ዕቃ ከ5,700 ወደ 10,000 ብር ዘለለ ማለት ነው። የሙዚቀኛው የሌሊት ክፍያ በዚያው ልክ አልዘለለም። እንዲህ ባለ ጊዜ ሙሉ ጊታር ከውጭ ማስመጣት ቅንጦት ነው፤ አንገትና ፒክአፕ ማስመጣት ግን ስሌት ነው። አንገት በትልቅ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፤ ፒክአፕ በኪስ ይገባል። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ያላችሁ «ጊታር አምጣልኝ» ማለቱን ትታችሁ ልኬቱን ጽፋችሁ ላኩለት።

አስመጪዎችም ካርቶን ብቻ አትደርድሩ፤ ፍሬት፣ የክር ማረፊያና ፒክአፕ አስገቡ። ሙዚቃ የምታስተምሩ ሰዎች ጣት ብቻ አታሠልጥኑ፤ ተማሪያችሁ ከመመረቁ በፊት አንድ አንገት ፈትቶ ይግጠም። ጊታር የሚያስተካክል ባለሙያ በየሰፈሩ ቢኖር ከዚያው ከተማ ሳይወጣ የሚዞር ገንዘብ፣ እንጀራ የሚያበላ ሙያ ነበር።

ገዢዎች ሆይ፣ «ተፈቶ ያውቃል?» ብላችሁ ስትጠይቁ «አዎ» ከተባላችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ከዚያም «ማን ፈታው? ምን ቀየረለት?» በሉ። መልስ ያለው ሻጭ ጊታሩን የሚያውቅ ሻጭ ነው። «ምንም አልተነካም» የሚላችሁን ደግሞ ዋጋ አስቀንሱት።