አድራሻው ስለሚለዋወጥ የቤት ሰርቨር

የቤተ ሰብን ፎቶግራፍና ጽሑፍ በሩቅ ኩባንያ ዘንድ በአደራ ከማኖር ይልቅ በገዛ ቤት በአንዲት ትንሽ ሰርቨር ማኖር ዛሬ ለብዙ ሰው የሚቻል ሆኗል። ነገር ግን ባለቤቱ ከቤቱ ርቆ ሳለ ያኖረውን ለማግኘት የሚያስቸግረው አንድ ነገር አለና፥ ስለዚሁ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ጥቂት ልንገልጽ እንወዳለን።

አባታችን ባረፉ ጊዜ በዋሽንግተን የምትኖረው እኅታችን በዚያ ካሉት ዘመዶች ጋራ የአርባቸውን ተዝካር ልታወጣ አስባ፥ በጐልማሳነታቸው የተነሡትን ፎቶግራፍ እንድንልክላት ጠየቀችን። ፎቶግራፉ በአዲስ አበባ ከቤታችን ሰርቨር ውስጥ ነበር፤ እኛ ግን በዚያ ሰሞን ለሥራ ድሬ ዳዋ ወርደን ነበር። የቤቱን የኢንተርኔት አድራሻ በማስታወሻ ጽፈን ይዘን ስለ ነበር ነገሩ የቅጽበት ሥራ መሰለን። ዳሩ ግን ከሁለት ቀን በፊት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ አድራሻው ተለውጦ ኖሮ፥ በያዝነው ቁጥር ብንፈልግ መልስ አጣን። በቤት የነበሩት እናታችን ብቻ ናቸው፤ በስልክ ብናስቸግራቸው ‹‹ልጄ፥ መብራቱ አረንጓዴ ነው፤ ሌላ ምን ልይልህ?›› አሉን። ፎቶግራፉ ዋሽንግተን የደረሰው ተዝካሩ ካለፈ በኋላ ነው።

የዚህ ምክንያቱ የቁጥር ማነስ ነው። የቀድሞው የኢንተርኔት አድራሻ በጠቅላላው 4,294,967,296 ብቻ ሲሆን፥ ለዓለም ክፍሎች የሚታደለው ማከማቻ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ዓ. ም. አልቋል። ስለዚህ አገልግሎት ሰጪው ቁጥሩን ለቤቶች የሚሰጠው እንደ ኪራይ ነው፤ ራውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ሌላ ሊሰጠው ይችላል። ቋሚ ቁጥር የሚፈልግም ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ገንዘብ ይከፍላል።

መድኃኒቱ ቁጥርን ትቶ ስምን መያዝ ነው። የኢንተርኔት የስም መዝገብ ፖል ሞካፔትሪስ የተባለው አሜሪካዊ በ1983 ዓ. ም. የደነገገው ሲሆን፥ መዝገቡ ወዲያው የሚታደስበት ሥርዓት ደግሞ በ1997 ዓ. ም. ወጥቷል። በቤት ውስጥ ያለች ትንሽ ፕሮግራም አድራሻው መለወጡን ባየች ቍጥር አዲሱን ለመዝገቡ ታስታውቃለች፤ ይህም ዳይናሚክ ዲ ኤን ኤስ ይባላል። ሌሎች ኮምፒዩተሮች የቀድሞውን ቁጥር ለረጅም ጊዜ እንዳያስታውሱ፥ የመታወሻው ጊዜ 60 ሴኮንድ ወይም 5 ደቂቃ ቢሆን ይበቃል።

ሆኖም ስም ብቻ የማይጠቅመው ቤት አለ። ብዙ ቤቶች አንዱን አድራሻ በሚጋሩበት ቦታ ከውጭ የሚመጣ ጥሪ ወደ ቤቱ አይደርስም። ይህነን ለማወቅ በራውተሩ ገጽ ላይ ያለውን የውጭ ቁጥር መመልከት ነው፤ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ ቤቱ ተጋሪ ነው። እንግዲህ ቋሚ አድራሻ ያለው ትንሽ ሰርቨር በውጭ ተከራይቶ፥ የቤቱ ሰርቨር ራሱ አስቀድሞ ወደዚያ እንዲደውልና መንገዱን በየ25 ሴኮንዱ ሕያው እንዲያደርግ ማዘዝ ይገባል።

የሁሉ ክፉ ግን ለመቸኰል ሲሉ የፋይሉን ማኅደር በቀጥታ ለዓለም መክፈት ነው፤ በሩ በተከፈተ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የማያውቁት ሁሉ ያንኳኳልና። ዋየርጋርድ የተባለው መንገድ ከዚህ ይሻላል፤ ቁልፍ ለሌለው ጥሪ ከቶ መልስ አይሰጥም፥ በ2020 ዓ. ም. በሊኑክስ እምብርት ውስጥ ገብቷል። አንድ ነገር ብቻ ልብ ይባል፤ ስሙን የሚጠይቀው መንገዱ ሲከፈት አንድ ጊዜ ነውና፥ በጉዞ ላይ ሳሉ የቤቱ አድራሻ ቢለወጥ መንገዱን ዘግቶ እንደገና መክፈት ያሻል።

ይህንም ሁሉ ከመንገድ በፊት መሞከር ይገባል፤ ከቤት ዋይፋይ ሳይሆን ዋይፋዩን አጥፍቶ በስልክ ዳታ ነው፤ እኛም ይህንኑ ባለማድረጋችን ተቀጣን።

እኅታችን አሁን የራሷ ቁልፍ አላት። ባለፈው ሳምንት በማኅደሩ ውስጥ ስትዘዋወር የእናታችንን የሠርግ ፎቶግራፍ አግኝታ፥ ‹‹ይህን እስከ ዛሬ ለምን ደበቃችሁኝ?›› ስትል ጽፋልናለች።