የፎርት ጃክሰን ጉዟችን

በዚህ ወር የምናወጋችሁ ስለ አንድ ጉዞ ነው። የእህታችን ልጅ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ገብቶ 10 ሳምንት የሚፈጀውን መሠረታዊ ሥልጠና ስለፈጸመ፣ ምረቃውን ለማየት ከዋሽንግተን አካባቢ በመኪና ተነስተን ሳውዝ ካሮላይና ወደሚገኘው ፎርት ጃክሰን ሄድን። መንገዱ ሙሉ ቀን ይወስዳል፤ ዙህርና አስርን በአንድ ማረፊያ ሣር ላይ አጣምረንና አሳጥረን ሰገድን።

እናቱ መንገዱን ሁሉ ዝም እንዳለች ነበር። ልጁ ሊመዘገብ ሲሄድ "አይሆንም" ብላው ነበር። አንፈርድባትም። ደርግ በ1975 ዓ.ም. ብሔራዊ ውትድርናን ካወጀ በኋላ ታላቅ ወንድማችን በአፈሳ ተወስዶ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ለእርሷ ወታደር ማለት ያ ነው። (ይህኛው ወዶ መግባቱን ብንነግራትም "ያው ነው" ትላለች።)

ከምረቃው በፊት ባለው የቤተሰብ ቀን ሠልጣኞቹ ከጭስ ውስጥ ወጥተው ተሰለፉ። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ከቤተሰቡ አንድ ሰው መጥቶ እስኪነካው ድረስ ወታደሩ ከቆመበት አይነቃነቅም። ሁሉም አንድ ዓይነት ለብሰዋል። እኛ ስንዞር እናቱ ቀድማ አገኘችው። ፊት ለፊቱ ቆማ ግን እጇን አልዘረጋችም። እንባው ሲወርድ እንኳ አልጠረገውም፤ አይችልማ! ኋላ ትከሻውን ነካችው።

"እማዬ፣ አፉ በይኝ" አላት።

"አፉ ብያለሁ። ሰላትህስ?"

"ቀዷ ያደረግኩት አለ፤ የተውኩት የለም።"

ያመጣችለትን ቆሎ ወደ መኝታው ይዞ መግባት ስለማይፈቀድለት፣ ከተቀመጥንበት ሳይነሳ ጨረሰው።