ግሮውዝ ፋክተር ማዳበሪያ አይደለም

ስለ ሰው ሠራሽ የደም ቧንቧ በክፍል ውስጥ በተወያየን ቁጥር አንድ ሐሳብ ይደጋገማል። «ቧንቧውን በግሮውዝ ፋክተር ቀብቶ መትከል ነው፤ ቶሎ ይድናል» ይባላል። ስሙ ራሱ ያሳስታል። ዕድገት ሲባል ዳፕና ዩሪያ ትዝ ይሉናል፤ ብዙ ከተበተነ ብዙ ይበቅላል። በእኔ እምነት ይህ አስተሳሰብ ከሥሩ የተሳሳተ ነው።

ጉዳዩ ደግሞ ለእኛ ሩቅ አይደለም። እዚሁ የካ ክፍለ ከተማ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ የዲያሊሲስ ክፍል አለ። ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ሰው በተለመደው አሠራር በሳምንት 3 ጊዜ፣ በየጊዜው 4 ሰዓት ያህል ደሙ ይታጠባል። ለዚህ ብዙ ደም የሚያሳልፍ የደም ሥር ያስፈልጋል። ሐኪሙ የክንድን ደም ቅዳ ከደም መልስ ጋር ያገናኛል፤ ይህ ፊስቱላ ይባላል። ደም መልሱ ቀጭን ከሆነ ወይም ከተበላሸ ግን ፒቲኤፍኢ ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ቧንቧ ከቆዳ ሥር ይቀበራል። በጣት ሲዳሰስ ይነዝራል። ንዝረቱ የጠፋ ዕለት ቧንቧው ሳይዘጋ አይቀርም፤ ያኔ ቀጣዩ እጥበት በየት በኩል ይሆናል የሚለው ትልቅ ጭንቅ ነው።

ታዲያ ለምን ይዘጋል? ጣጣው ብዙውን ጊዜ ቧንቧው ከደም መልሱ ጋር በተሰፋበት መጋጠሚያ ላይ ነው። የተጎዱ ህዋሳት ኤፍጂኤፍ ይለቃሉ። ፕላትሌቶች ባዕድ ነገር ላይ ይለጠፉና ፒዲጂኤፍን ያራግፋሉ (ስሙንም ያገኘው ከፕላትሌት ነው)። እነዚህ ሁለቱ የለስላሳ ጡንቻ ህዋሳትን ቀስቅሰው ወደ ውስጥ ያፈልሷቸዋል፣ ያባዟቸዋል። ቲጂኤፍ ቤታ በላዩ ላይ ኮላጅን ያስደርባል። በመጠኑ ሲሆን ይህ ራሱ መዳን ነው፤ ስፌቱ የሚጠነክረው በዚሁ ነው። አልቆም ሲል ግን አፉ ይጠባል፣ ደም ይረጋል። እንጦጦ የወጣ ሰው የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ጉቶ ሳያይ አይቀርም። ቀንበጡ ዙሪያውን ግጥም ብሎ ይወጣል፤ ካልተመነጠረ ግን ደህና ምሰሶ አይገኝበትም። አላደገም አይባልም እኮ!

«በቃ» የሚለው ኢንዶቴሊየም ነው። ናይትሪክ ኦክሳይድና ፕሮስታሳይክሊን እያመነጨ ፕላትሌቱንም ጡንቻውንም ያረጋጋል። ችግሩ በሰው ላይ ይህ ሽፋን ከስፌቱ 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል፤ የቀረው ቧንቧ ለዓመታት ራቁቱን ይኖራል። በውሻና በዝንጀሮ ላይ የተሳካው ሙከራ በሰው ላይ ያልተደገመው አንድም በዚህ ነው። «እንግዲያው ኢንዶቴሊየምን የሚያሳድገውን ቪኢጂኤፍ እንጨምር» የሚል ይኖራል። ቪኢጂኤፍ ግን ነጭ የደም ህዋሳትንም ይጠራል፤ እነሱም ፒዲጂኤፍ ይዘው ይመጣሉ። ዞሮ ዞሮ እዚያው!

ማፈኑም ቀላል አልሆነም። ለልብ ቀዶ ሕክምና ከእግር የተወሰደን ደም መልስ ከመስፋት በፊት፣ የመባዛትን ትእዛዝ በሚያግድ ኤዲፎሊጋይድ በተባለ መድኃኒት ነክረው በ3,014 ሰዎች ላይ ሞክረውታል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ወጣ። ከአንድ ዓመት በኋላ በተደረገው ምርመራ ቧንቧ የተበላሸባቸው መድኃኒቱን ካገኙት 45 በመቶ፣ ካላገኙት 46 በመቶ ነበሩ። ልዩነት የለም ማለት ነው።

ስለዚህ ጥያቄው «ስንት እንጨምር» ሳይሆን «የትኛውን፣ የት፣ እስከ መቼ» መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 አሜሪካ ለአደጋ ጉዳተኞች የፈቀደችው ቧንቧ የዚህ ምሳሌ ይመስለኛል። የሰው ህዋስ በላብራቶሪ ውስጥ ቧንቧውን ይሠራል፤ ከዚያ ህዋሱ ታጥቦ ይወጣና ግድግዳው ብቻ ይተከላል። የማሳደጉ ሥራ የሚያልቀው ከሰውነት ውጭ ነው።

እሱ እስኪደርሰን ግን የተሻለው ቧንቧ የራስ ደም መልስ ነው፤ ፊስቱላ በአብዛኛው ከፕላስቲኩ ይልቅ ይቆያል። እኛም በትምህርት ክፍላችን ስለ ግሮውዝ ፋክተር ስንማር ይህን አብረን ብንማር ምን አለበት? ኩላሊቱን የሚታመም ዘመድ ያለው ተማሪም ዛሬውኑ ቤቱ ሲገባ ይንገር፤ ደም ሲቀዳም ሆነ ግሉኮስ ሲሰካ በተቻለ መጠን ከእጅ ጀርባ ይሁን፣ የክንዱ ደም መልስ አይነካ።