ጂፒኤስ ለልጅዎ መንገድ ያሳያል፤ ልጅዎ የት እንዳለ ግን ለእርስዎ አይነግርም

ብዙ ልጆቻችን ከሠራዊት ሲፈቱ ረጅም ጉዞ ያምራቸዋል። አንዳንዱ በሞተር ብስክሌት ወደ ኤይላት ይወርዳል። ሌላው ሕንድ ድረስ ሄዶ ሮያል ኤንፊልድ የሚባለውን ሞተር ይከራይና ከማናሊ ወደ ሌህ በተራራ ላይ ይጓዛል። «ተው ልጄ» ብሎ ያልተሰማ ወላጅ ደግሞ ቢያንስ መንገድ እንዳይጠፋበት ብሎ ጂፒኤስ ሊገዛለት ይነሣል። እንደ ጋርሚን ዙሞ ያለው፣ ለሞተር ተብሎ የተሠራው መሣሪያ፣ ሁለት ሺህ ሼቄልና ከዚያም በላይ ሊያስወጣ ይችላል። መሣሪያው መጥፎ ነው አልልም። እኔ የምቃወመው ይህን ያህል ገንዘብ በታሽሉሚም ከፍለን «እንግዲህ ልጄ ጠባቂ አለው» ብለን መተኛታችንን ነው።

ጂፒኤስ ይሰማል እንጂ አይናገርም። ከምድር 20,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚዞሩ ሳተላይቶች ምልክት ይልካሉ። መሣሪያው ቢያንስ የአራቱን ምልክት ተቀብሎ ያለበትን ቦታ ራሱ ያሰላል። ሳተላይቶቹ ልጁ የት እንዳለ አያውቁም፤ መሣሪያውም በራሱ ለማንም አያሳውቅም። ልጁ ከመንገድ ወጥቶ ቢወድቅ ስክሪኑ የወደቀበትን ቦታ በትክክል ያሳያል፤ ነገር ግን ያንን ስክሪን የሚያየው ሰው የለም። ወላጅ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ ልጁ እንዳይጠፋ፣ ከወደቀም ቶሎ እንዲገኝ። ጂፒኤስ የሚረዳው ለመጀመሪያው ብቻ ነው።

«ታዲያ ስልኩ አይበቃውም ወይ?» ትሉ ይሆናል። እዚሁ አገር ውስጥ ለሚደረግ ጉዞ ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ ድክመቶቹን ግን ማወቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ንዝረት ነው። አፕል ራሱ በ2021 ባወጣው ማሳሰቢያ የትልልቅ ሞተሮች ንዝረት የአይፎንን ካሜራ ሊጎዳ እንደሚችል አስታውቋል። ስለዚህ ስልኩን ንዝረት በሚቀንስ መያዣ ላይ ማሰር ይሻላል። ሁለተኛው ሙቀት ነው። አይፎን እንዲሠራበት የተመከረው የአየር ሙቀት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ነው። በበጋ ዓራቫ ውስጥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ስልክ ይግልና ራሱን ያጠፋል። ሦስተኛው ኢንተርኔት ነው። ዌይዝ አዲስ መንገድ የሚፈልገው በኢንተርኔት ነው፤ በኔጌብ በረሃ ደግሞ የስልክ መስመር የሚደክምባቸው ቦታዎች አሉ። ለዚህ መፍትሔው እንደ ኦርጋኒክ ማፕስ ያለ ነጻ ፕሮግራም ማውረድና ካርታውን ከቤት ሳይወጡ ስልኩ ውስጥ ማስገባት ነው። ጥሩ መያዣ፣ ከሞተሩ ባትሪ የሚሞላ ቻርጀርና ቀድሞ የተጫነ ካርታ ዋጋቸው ተደምሮ የአንዱን ጂፒኤስ ሩብ አይደርስም።

ውድ የሆነውም ርካሽ የሆነውም እኩል የሚታለልበት ነገር አለ። ጦርነቱ በ2023 ከጀመረ ወዲህ ለመከላከያ ሲባል የሳተላይት ምልክት በየጊዜው ይታወካል። በ2024 ቴል አቪቭ ውስጥ የቆመ ሰው ስልኩን ሲከፍት ቤይሩት አውሮፕላን ማረፊያ እንዳለ ያሳየው እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። የጂፒኤስ መሣሪያም የሚቀበለው ያንኑ ምልክት ስለሆነ በዋጋው ብዛት አይድንም። ስለዚህ ልጁ የመንገድ ቁጥሮችን ማወቅ፣ የመንገድ ዳር ሰሌዳ ማንበብና የሚያልፍባቸውን ከተሞች በቅደም ተከተል መናገር መቻል አለበት። በእግራችሁ ወደ ሱዳን የወጣችሁ ወላጆች ይህን አታጡትም፤ በመሪ ብቻ ተማምኖ መሄድና የመንገዱን ምልክት ራስ ማወቅ ይለያያሉ።

እንግዲህ ለሞተር የተሠራው ጂፒኤስ ለማን ይጠቅማል? ለሳምንታት በውጭ አገር ለሚጓዝ፣ ዝናብና አቧራ ለሚያገኘው፣ ስልኩን ለጥሪ ቆጥቦ መያዝ ለሚገባው ሰው ይጠቅማል። ስክሪኑ በፀሐይ ይነበባል፣ ጓንት ሳያወልቁ ይነካል፣ ንዝረትም ይችላል። ለእንዲህ ዓይነት ጉዞ የሚገዛ ሰው ከመክፈሉ በፊት ሻጩን አራት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፣ የሚሄድበት አገር ካርታ አለው ወይ? ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ መሣሪያ የሚመጣው የአውሮፓን ካርታ ይዞ ነው፤ የእስራኤልና የሕንድ ካርታ ለብቻው ሊገዛ ይችላል። ሁለተኛ፣ ውሃ መቻሉ በምን ተጽፏል? አይፒኤክስ 7 የሚል ከሆነ አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ይችላል ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ሞተር ላይ የሚታሰርበት መያዣና የኤሌክትሪክ ገመድ አብሮ አለ ወይስ ለብቻ ይሸጣል? አራተኛ፣ ቢበላሽ እዚህ አገር የሚጠግነው ማን ነው? ከውጭ በኢንተርኔት ያዘዘ ሰው ደግሞ በዋጋው ላይ 18 በመቶ ማዓም እንደሚጨመርበት ያስላ።

ቦታን ለሌላ ሰው የሚያሳውቅ መሣሪያም አለ። ጋርሚን ኢንሪች የሚባለው የስልክ መስመር በሌለበት በሳተላይት መልእክትና የድረሱልኝ ጥሪ ይልካል፤ ከመሣሪያው ዋጋ ሌላ የአገልግሎት ክፍያ አለው። በረሃ ወይም ተራራ ለሚወጣ ልጅ ገንዘቡ ካለ ከትልቅ ስክሪን ይልቅ ይህን እመርጣለሁ። ነገር ግን ወደ ሕንድ ለሚሄድ አይግዙለት። ሕንድ ውስጥ ያለ መንግሥት ፈቃድ የሳተላይት መገናኛ መያዝ ክልክል ነው፤ በዚህ ምክንያት የታሠሩ ቱሪስቶች አሉ።

በስልክ ተደውሎላችሁ «ልዩ ቅናሽ» ተብላችሁ የገዛችሁ ከሆነም መብት አላችሁ። በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተገዛ ዕቃ እንደ ደንቡ በ14 ቀን ውስጥ ይሰረዛል። ዕድሜው 65 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው፣ አካል ጉዳተኛ፣ ወይም ዖሌ ከሆነ ገና አምስት ዓመት ያልሞላው ግን ሽያጩ ከሻጩ ጋር በመነጋገር የተደረገ ከሆነ እስከ አራት ወር ድረስ መሰረዝ ይችላል። ዕቃው ጉድለት ሳይኖረው ሐሳባችሁን ቀይራችሁ ብትሰርዙ ሻጩ ሊቀንስባችሁ የሚችለው የስረዛ ክፍያ ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሼቄል፣ ከሁለቱ አነስተኛው ነው። ስረዛውን በጽሑፍ ላኩ፣ ቅጂውንም አስቀምጡ።

አሁን በነርስነቴ የምለውን ልበል። አደጋ ሲደርስ ወደ 101 የሚደውል ሰው መጀመሪያ ከሚጠየቃቸው ነገሮች አንዱ «የት ናችሁ?» የሚለው ነው። «ወደ ኤይላት የሚወስደው መንገድ» ብሎ መመለስ አምቡላንስ አያመጣም፤ መንገድ ቁጥር 90 ብቻውን ከመቱላ እስከ ታባ 480 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ የማጌን ዳዊድ አዶም ፕሮግራም በልጁ ስልክ ላይ ይጫን፤ በእሱ በኩል ሲደወል ያለበት ቦታ አብሮ ይደርሳል። ስልኩ ተቆልፎ እያለ የሚነበበው የሕክምና መረጃ ላይ የደም ዓይነቱ፣ የማይስማማው መድኃኒትና የቤተሰብ ስልክ ይጻፍ። በዋትሳፕ ያለበትን ቦታ ለአንድ የቤተሰብ ሰው ያጋራ። የስልክ መስመር ወደሌለበት ከመግባቱ በፊት ደግሞ በየት እንደሚሄድና በስንት ሰዓት እንደሚደውል ጽፎ ይተው። ከዚያ ሰዓት ስንት ሰዓት ቢያልፍ ለማን እንደምትደውሉ ቀድማችሁ ተስማሙ። ይህ ሁሉ አንድ ሼቄል አያስወጣም።

«ልጁ እኮ ሌላ ነገር አይቀበለኝም፣ ጂፒኤሱን ግን ይወስደዋል» የሚል ወላጅ እንዳለ አውቃለሁ። እውነት አለው፤ እየነዳ ስልክ በእጁ ከሚይዝ ልጅ መሣሪያው የታሰረለት ይሻላል። ግን ስጦታውን በቅደም ተከተል ስጡ። መጀመሪያ ልኩ የሆነ ሄልሜት፣ የጀርባ መከላከያ ያለው ጃኬት፣ ጓንትና ቦት ጫማ ይኑረው። ቀጥሎ ወደ ውጭ የሚሄድ ከሆነ ኢንሹራንሱ ሞተር መንዳትን እንደሚሸፍንና የእሱ መንጃ ፈቃድ ለዚያ ሞተር እንደሚሠራ በጽሑፍ ይረጋገጥ። ከዚያ የተረፈ ገንዘብ ካለ ጂፒኤስ ይገዛ። መንገድ የሳተ ልጅ ጠይቆ ይመለሳል፤ ለወደቀው ልጅ ግን የሚደርስለት የለበሰው ጃኬትና የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ነው።