አዲሱ ጨዋታ ሲወጣ አትቸኩሉ!

እዚህ ወገል ጤና ኦፓል ቆፍሮ ጥቂት ብር የቋጠረ አንድ የሰፈሬ ልጅ ሰሞኑን ምክር ጠየቀኝ። «ወንድሜ፣ ፕሌይስቴሽን ቤት ፔስ ስጫወት ነው ያደግኩት። በሚቀጥለው ጨዋታ የድሮው ማስተር ሊግ እንደነበረ ይመለሳል ብዬ ተስፋ አለኝ። የራሴን ማሽን ልግዛ?» አለኝ።

እውነቱን ልናገር፣ ቡድን ከዓመት ዓመት የምናሳድግበት ያ ማስተር ሊግ እኔንም ይናፍቀኛል። ግን አንዴ ተቃጥለናል! የጃፓኑ ኮናሚ መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ፔስን «ኢፉትቦል» ብሎ በነፃ ሲለቀው ምን አየን? የተጫዋቾቹ ፊት ተንጋዷል፣ ማስተር ሊግ የለም! ስንቱ ሳቀበት፤ ኩባንያው ራሱ ይቅርታ ጠየቀ። ዋናው እርማት የመጣው ሚያዝያ ላይ ነው፤ ከስድስት ወር በኋላ መሆኑ ነው።

እናም ምክሬ ይኸው፦ አዲሱ ይውጣ፣ ሌላው ይሞክረው፣ አንተ ጥቂት ወራት ታገሥ። «ይኖራል» ሲሉህ ሳይሆን መኖሩን በዓይንህ ስታይ ግዛ። እስከዚያ የድሮው ዲስክ የት ሄደና? ነፍስህን አስይዘህ ከገደል ያወጣኸው ብር ነው፤ ለወሬ አትበትነው።

ሳምንት ያገናኘን!