የደኅንነት ኮሚቴ የሚመዘነው ባስወገደው አደጋ ነው

ማንኛውም ሠራተኛ ማለዳ ከቤቱ የሚወጣው ጉልበቱንና ዕውቀቱን ለሥራ ለማዋል እንጂ አካሉን ለመገበር አይደለም። ይህ መሠረታዊ እውነት በሕግ ሰፍሯል፤ በዓለም አቀፍ ስምምነት ጸድቋል፤ በየስብሰባውም ተደጋግሞ ተነግሯል። ይሁን እንጂ በተነገረውና በተሠራው መካከል ያለው ርቀት ዛሬም በየሥራ ቦታው የሰው ጣት፣ የሰው ዓይን፣ የሰው ሳንባ እያስከፈለ ይገኛል። ይህን ርቀት እንዲያጠብ በሕግ የታዘዘው መሣሪያ የሙያ ደኅንነትና ጤንነት ኮሚቴ ነው። የዛሬው ጽሑፋችንም ይህ ኮሚቴ በምን ሁኔታ ሕያው መሣሪያ እንደሚሆን፣ በምንስ ሁኔታ የግድግዳ ጌጥ ሆኖ እንደሚቀር ይመረምራል።

ነገሩን ከምናውቀው ሥፍራ እንጀምር። ቁንዝላ በጣና ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በሰሜን አቸፈር ወረዳ የምትገኝ ትንሽ የወደብ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ተነሥተው የደቅን ደሴትና ደልጊን እየነኩ እስከ ጎርጎራ ይዘልቁ የነበሩት ጀልባዎች ለብዙ ዓመታት ሰውና ጭነት አውርደውባታል፤ ጭነውባታል። ለጣና በለስ የኃይል ማመንጫ የሚሆነው ውኃ ከሐይቁ የሚጠለፈውም በዚሁ አካባቢ ነው። ውኃው 12 ኪሎ ሜትር ያህል በዋሻ ተጉዞ፣ በግንቦት ወር 2002 ዓ.ም. የተመረቀውንና 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለውን ጣቢያ ያንቀሳቅሳል። በሐይቁ ዙሪያ የመስኖና የአበባ እርሻም ገብቷል። እንግዲህ በአንድ አካባቢ ሸክም፣ ጥልቅ ውኃ፣ ኤሌክትሪክና የተባይ መድኃኒት ተገናኝተዋል ማለት ነው። አደጋ የትላልቅ ከተሞችና የጭስ ማውጫ ያላቸው ፋብሪካዎች ጉዳይ ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ ምን ያህል የተሳሳተ እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻውም።

ሕጉ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኞችን ስለ ሥራቸው አደገኛነት እንዲያስረዳ፣ የደኅንነት ሠራተኛ እንዲመድብ፣ ኮሚቴ እንዲያቋቁም፣ የመከላከያ መሣሪያዎችን እንዲያቀርብ፣ የደረሰን አደጋና የሥራ በሽታ መዝግቦ ለተቆጣጣሪው እንዲያሳውቅ ያዝዛል። ተከታዩ አንቀጽ ደግሞ ሠራተኛው የመሣሪያ ጉድለትንና ሊያስወግደው ያልቻለውን አስጊ ሁኔታ ወዲያውኑ እንዲያስታውቅ፣ የተሰጠውን መከላከያ በአግባቡ እንዲጠቀም ግዴታ ይጥልበታል። አገራችን የሥራ ደኅንነትንና ጤንነትን የሚመለከተውን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 የተቀበለችውም በጥር ወር 1983 ዓ.ም. ነው። በመሆኑም ኮሚቴ ማቋቋም የአሠሪው ችሮታ አይደለም፤ የሠራተኛው ልመናም አይደለም፤ ግዴታ ነው።

ነገር ግን በአዋጅ የተወለደ ሁሉ በሕይወት ይኖራል ማለት አይደለም። የሞተ ኮሚቴ ምን እንደሚመስል ብዙዎቻችን እናውቃለን። አባላቱ በቢሮ ይሰየማሉ፤ ስማቸው በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፋል፤ ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው ሲባል ይሰበሰባሉ። በቃለ ጉባኤው ላይ «ጥንቃቄ እንዲደረግ ተወስኗል» የሚል ዓረፍተ ነገር ይሰፍራል። ማን፣ ምኑን፣ እስከ መቼ እንደሚያስተካክል ግን አይጻፍም። አንድ ሠራተኛ ሲጎዳ ኮሚቴው ሮጦ ይደርስና «ግድ የለሽነት ነበር» ብሎ ይበተናል። ይህ፣ አበው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ያሉት ዓይነት ሥራ ነው። ሕያው ኮሚቴ ግን የሚመራው «ሳይቃጠል በቅጠል» በሚለው ብሂል ነው፤ የሚመዘነውም ጉዳት ከመድረሱ በፊት ባስወገደው አደጋ ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ነገር አደጋውን የሚያየው ሰው ሥራውን የማስቆም ድምፅ ማግኘቱ ነው። በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ አቅራቢያ፣ ራና ፕላዛ በሚባል ሕንፃ ላይ ሚያዝያ 15 ቀን 2005 ዓ.ም. ስንጥቅ ታየ። በዚያው ሕንፃ ውስጥ የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን ወደ ቤታቸው ሰደደ። የልብስ ስፌት ሠራተኞች ግን በማግሥቱ ጠዋት ወደ መኪናቸው እንዲመለሱ ታዘዙ። ሕንፃው በላያቸው ፈረሰ፤ ከ1,100 በላይ ሰዎችም አለቁ። ስንጥቁን ያላየ አልነበረም። የጎደለው ያዩት ሰዎች «አንገባም» ሲሉ ከጎናቸው የሚቆም፣ ቃላቸውም የሚጸናበት የተደራጀ አካል ነው።

የኛም አዋጅ በአንቀጽ 32 አሠሪው አስጊውን አደጋ እያወቀ በጊዜው እርምጃ ሳይወስድ ቢቀር ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ሊያቋርጥ እንደሚችል ይደነግጋል። መብቱ ትልቅ ነው። ሆኖም ልጆች የሚያሳድግ፣ የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው ሥራውን ጥሎ መሄድ ምን ያህል እንደሚከብደው ማንም አይስተውም። ኮሚቴው የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ሠራተኛው ከእንጀራውና ከሕይወቱ አንዱን እንዲመርጥ ከመገደዱ በፊት በሁለቱ መካከል ገብቶ አደጋውን ማስወገድ አለበት። ስለሆነም ኮሚቴው አደገኛ መሣሪያ ወይም ሥራ እስኪመረመር ድረስ የሚቆምበትን ሥርዓት ከአሠሪው ጋር በጽሑፍ ተስማምቶ ሊይዝ ይገባል። በቅን ልቦና «አቁሙ» ያለ ሰው ሥጋቱ ኋላ መሠረት የለሽ ሆኖ ቢገኝ እንኳ አንዳችም ቅጣት እንደማይደርስበት በዚሁ ጽሑፍ መረጋገጥ አለበት።

ሁለተኛው ነገር የታወቀው አደጋ ከአንዱ ፈረቃ ወደ ሌላው መተላለፉ ነው። ሰኔ 29 ቀን 1980 ዓ.ም. በሰሜን ባሕር ላይ ፓይፐር አልፋ የተባለው የነዳጅ ማውጫ ሲጋይ 167 ሰዎች ሞተዋል። የአንድ ፓምፕ የደኅንነት ቫልቭ በቀን ለጥገና ተፈትቶ ነበር። ይህን የሚገልጽ ወረቀትም ተጽፎ ነበር። የሌሊቱ ፈረቃ ግን አላወቀምና ፓምፑን አስነሣው፤ ጋዙ አፈተለከ፤ ፈነዳም። ወረቀት መጻፉ ብቻውን ማንንም አላዳነም። ከዚህ የምንማረው ማንኛውም የተፈታ፣ የላላ ወይም የተበላሸ ነገር በራሱ በመሣሪያው ላይ በሚንጠለጠል ምልክት እንዲታወቅ፣ ተረካቢውም ከአስረካቢው ጋር ፊት ለፊት ተነጋግሮ እንዲፈርም ማድረግ ነው። በአበባ እርሻም ቢሆን ትናንት ማታ መድኃኒት የተረጨበት ቤት የመግቢያው ሰዓት ሳይደርስ፣ ያልተነገራት ሠራተኛ ጠዋት አበባ ልትቆርጥ ብትገባ ጥፋቱ የርሷ ሊሆን አይችልም።

ሦስተኛ፣ ኮሚቴው ድምፅ ሳያሰማ የሚመጣውን አደጋ ማየት መቻል አለበት። በ1953 ዓ.ም. የተቋቋመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለከተማዋ ዕድገት ያደረገው አስተዋጽኦ የሚካድ አይደለም። የጥጥ ብናኝ ለዓመታት ሲሳብ ግን ቢሲኖሲስ የሚባለውን የሳንባ በሽታ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ1995 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት ይህ በሽታና ሌሎች የመተንፈሻ ሕመሞች በባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ላይ መኖራቸውን አሳይቷል። የበሽታው የታወቀ መነሻ ምልክት ሠራተኛው ከዕረፍት በተመለሰበት ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰኞ፣ ደረቱን ሲይዘው ነው። እንግዲህ «ሰኞ ሰኞ ደረቴን ያፍነኛል» የምትል ሴት ሰነፍ ተብላ ከታለፈች ኮሚቴው ከፊቱ የቀረበለትን ማስረጃ ጣለ ማለት ነው። ሐኪም መሆን አይጠበቅበትም። የሰማውን መመዝገብ፣ አንድ ዓይነት ሕመም በአንድ ክፍል ሲደጋገም ለይቶ ማየትና ምርመራ መጠየቅ ግን ይጠበቅበታል።

አደጋን ስለማስወገድ ስንናገር በቅደም ተከተሉ ላይ መግባባት ያሻል። የመጀመሪያው እርምጃ አደጋውን ከምንጩ ማጥፋት ነው፤ ይህ ካልተቻለ መከለል፤ ቀጥሎ የሥራውን አካሄድ መለወጥ፤ ጓንትና ጭምብል ማደል የሚመጣው ከነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ብዙ ኮሚቴዎች ከመጨረሻው ጀምረው እዚያው ይቆማሉ። የወደብ ሸክምን እንመልከት። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ግራም ነው። ሰውየው ይህን በጀርባው ተሸክሞ በእርጥብ ሳንቃ ላይ ከጀልባ ወደ የብስ ይሻገራል። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1959 ዓ.ም. ባወጣው ምክረ ሐሳብ አንድ ወንድ ሠራተኛ በእጅና በጀርባ እንዲያጓጉዝ የሚፈቀደው ክብደት ከ55 ኪሎ ግራም በላይ ከሆነ በፍጥነት ወደዚያ መጠን እንዲወርድ አሳስቧል። ታዲያ «ወገብህን ጠብቅ» የሚል ማስታወቂያ መለጠፍ ምን ይፈይዳል? እህሉ በ50 ኪሎ ከረጢት እንዲሞላ ማድረግ፣ ሳንቃውን ማስፋት፣ እንዳያንሸራትት ጣውላ መምታትና መደገፊያ ማበጀት ግን ወገብንም ነፍስንም ያድናል። ወጪውም የአናጺ የጥቂት ቀን ዋጋ ነው።

ከዚህ የተነሣ አንድ ኮሚቴ በሁለት እግሩ እንዲቆም የሚከተሉትን አራት ነጥቦች ማሟላት ይኖርበታል።

አንደኛ፣ የሠራተኛው ወገን አባላት በሠራተኛው ይመረጡ። ከየሥራ ክፍሉ፣ ከሌሊት ፈረቃውና ከሴት ሠራተኞች ይውጣጡ። በአሠሪው በኩል የሚቀመጠው ሰው ደግሞ በጀት የማዘዝ ሥልጣን ያለው ይሁን። «ለበላይ አቀርባለሁ» ከማለት በቀር ምንም የማይችል ተወካይ ስብሰባውን ያራዝማል እንጂ ሳንቃ አያስጠግንም።

ሁለተኛ፣ ከስብሰባ በፊት ጉብኝት ይቅደም። ኮሚቴው በየወሩ የሥራውን ቦታ በእግሩ እየዞረ የሚሠሩትን ይጠይቅ። «ትናንት ለጥቂት የተረፋችሁት ከምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከብዙ ሪፖርት የበለጠ ያስተምራል። ለጥቂት የሳተ አደጋ በነጻ የተሰጠ ትምህርት ነውና ይመዝገብ።

ሦስተኛ፣ መዝገቡ አጭርና ግልጽ ይሁን፤ ጉድለቱ፣ የሚያስተካክለው ሰው ስም፣ የሚጠናቀቅበት ቀን። እያንዳንዱ ስብሰባ የሚከፈተው ካለፈው ወር ሳይፈጸሙ በቀሩት ጉዳዮች ነው። ዝርዝሩም ማንበብ ለሚችለው በሰሌዳ ይለጠፍ፤ ለማይችለው በቃል ይነበብለት።

አራተኛ፣ የአደጋ ምርመራ ጥፋተኛ ፍለጋ አይሁን። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ማን አጠፋ?» ሳይሆን «ይህ እንዲሆን የፈቀደው ሁኔታ ምንድን ነው?» ነው። ቅጣትን የፈራ ሠራተኛ ጉድለትን ይደብቃል፤ የተደበቀ ጉድለትም ሰው ይበላል።

እዚህ ላይ ራሳችንንም ልንሂስ ይገባል። ማሽኑ ቶሎ እንዲሄድልን ብለን መከለያውን የምንፈታ፣ ሙቀት ነው ብለን ጭምብሉን ከኪስ የምናኖር፣ የኮሚቴ አባልነትን የውሎ አበል ማግኛ የምናደርግ ጥቂቶች አይደለንም። የተሰጠንን መከላከያ መጣል ለአሠሪው ምክንያት መስጠት መሆኑን ማወቅ አለብን። በአንጻሩ ጭምብሉ የማያስተነፍስ፣ ጓንቱ ከእጅ የማይገጥም ከሆነ ኮሚቴው ሠራተኛውን ከመውቀሱ በፊት የተገዛውን ዕቃ ይመርምር። «ደኅንነት ምርትን ይቀንሳል» የሚለው ክርክርም ውኃ አይቋጥርም። የተጎዳ ሰው፣ የቆመ ማሽንና የሚከፈል ካሣ በአንድ ላይ ሲደመሩ ከጥገናው ዋጋ መብለጣቸውን ለመረዳት የሂሳብ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

በመጨረሻ አንድ አሳሳቢ ጉዳይ ይቀራል። ጀልባ የሚያራግፈው፣ በቀን ሒሳብ የሚቆፍረው፣ ለአንድ ሰሞን አበባ የምትለቅመው ሰው በየትኛው ኮሚቴ ተወክሏል? በብዙ ቦታ በየትኛውም። ውል የለውምና ስሙ ከመዝገብ የለም። ሲወድቅ ግን ስሙን የሚያውቅ አንድ አካል አለ፤ እድሩ ነው። ድንኳን የሚተክለው፣ ሬሳ የሚያወጣው፣ ለቤተሰቡ የሚያዋጣው እርሱ ነው። ለቀብሩ ኃላፊነት የተሸከመ የሰፈር ማኅበር ስለ ሕይወቱ ለመጠየቅ ምን ያግደዋል? የእድርና የሰፈር ማኅበራት አባሎቻቸው በቀን ሥራ የሚውሉባቸውን ቦታዎች ለይተው ይወቁ። ተወካይ መርጠው ወደ አሠሪውና ወደ ኮሚቴው ይላኩ። ሰሚ ካጡም ለወረዳው የሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያመልክቱ።

የሥራ ደኅንነት ከሩቅ የሚጠበቅ ስጦታ አይደለም። የሚጀምረው አንድ ሰው «ይህ ሳንቃ ተሰንጥቋል» ብሎ ሲናገር ነው፤ የሚፈጸመውም ሳንቃው ሲለወጥ። በነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ጊዜ ማሳጠር የኮሚቴው ሥራ ነው። እያንዳንዱ ኮሚቴ መዝገቡን ዛሬውኑ ይግለጥ፤ ሳይፈጸሙ የቀሩትንም ይቁጠር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራልና፣ የፋብሪካውም፣ የእርሻውም፣ የወደቡም ሠራተኛ ከሰፈር ማኅበሩ ጋር ሆኖ ማለዳ የወጣው ሁሉ ማታ በሙሉ አካሉ ወደ ቤቱ እንዲመለስ የድርሻውን ይወጣ!