ጎርፉን አስወገድነው እንበል፤ ቆሻሻውስ?

እንደሚታወቀው እኛ የሲቪል ምህንድስና ተማሪዎች የጎርፍ ማስወገጃ ቦይ ስንነድፍ መጀመሪያ የምንይዘው ራሽናል ሜተድን ነው። የዝናቡን ኃይል፣ የቦታውን ስፋትና የመሬቱን ውኃ የማፍሰስ ባሕርይ የሚያሳየውን ቁጥር እናባዛለን፤ ከፍተኛው ፍሰት ይገኛል። ቦዩ ያንን ከተሸከመ አለቀ! ውኃው ምን ይዞ የት እንደሚደርስ ግን ስሌቱ አይጠይቅም። በእኔ አስተያየት የዲዛይናችን ትልቁ ጉድለት ይኸው ነው።

አዲስ አበባን እንውሰድ። በበጋ አስፋልት ላይ የከረመው አቧራ፣ የመኪና ዘይትና የጎማ ብናኝ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ተጠራርጎ ቦይ ይገባል። ከዚያ ወደ ቀበናና ወደ ሌሎቹ ጅረቶች፣ ቀጥሎም ወደ አቃቂ ይወርዳል። አቃቂ ላይ ገበሬው በዚሁ ወንዝ ጎመንና ሰላጣ ያጠጣል፤ አትክልቱም ተመልሶ እኛው ገበያ ይመጣል። የቀረው በአባ ሳሙኤል ግድብ በኩል አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ የሚቀር ወንዝ ነው። እርግጥ ወንዞቹን የሚበክለው ጎርፍ ብቻ አይደለም፤ ፋብሪካውም መጸዳጃ ቤቱም አለበት። ቦዩን የምንነድፈው ግን እኛ ነን።

ታዲያ ጎርፉን በሙሉ እናጣራ ማለቴ አይደለም። ከጎዳና የሚታጠበው ቆሻሻ በብዛት የሚመጣው ከዝናቡ መጀመሪያ ጋር ነው። አንድ ሄክታር አስፋልት ላይ የሚወርድ የመጀመሪያ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢበዛ 100 ሜትር ኩብ ውኃ ነው፤ 10 በ10 ሜትር የሆነ፣ 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ ይይዘዋል። እዚያ ደለሉን አዝቅጦ ውኃውን በአሸዋና በሣር ማሳለፍ ይቻላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጎርፍ በቦዩ ይቀጥል።

የውጭ ማኑዋል እንዳለ መገልበጥም አያዋጣም። ቦሌና አቃቂ አካባቢ ያለው ጥቁር አፈር ሲረጥብ ያብጣል፤ ውኃ ቶሎ አያሰርግም። ስለዚህ ከአሸዋው ሥር የተበሳ ቱቦ ዘርግቶ የተጣራውን ውኃ ማውጣት ግድ ነው። በየክረምቱ መግቢያ ደለሉን የሚያወጣ ሰውና በጀትም ከዲዛይኑ ጋር ካልታሰበ ኩሬው የቆሻሻ ገንዳ ሆኖ ይቀራል።

ቦታ ከየት ይመጣል የሚሉ አይጠፉም። የአደባባይና የመኪና ማቆሚያ ዳርና ዳር እኮ ቦታ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ለወንዝ ዳርቻ ማስዋብ ብዙ ተደክሟል፤ ዳርቻው አምሮ ውኃው ከጠቆረ ግን ምን ዋጋ አለው? በበኩሌ በዲፓርትመንታችን የቦይ ዲዛይን ፕሮጀክት ሁሉ ላይ አንድ ጥያቄ ቢጨመር እላለሁ፦ ይህ ውኃ ማን ማሳ ላይ ነው የሚያርፈው?